ዩሪያው መቼ ይግባ? ስለ ነባር የሩዝ ዝርያዎችና ስለ ናይትሮጅን ሰዓት

(በፎገራ አካባቢ ለሚሠሩ የግብርና ልማት ሠራተኞችና አብረዋቸው ለመጡ አርሶ አደሮች በቃል የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል፤ አነጋገሩ ግን እንዳለ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ከፊት ቦታ አለ፣ ኑ ተቀመጡ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ዩሪያ ለነባር የሩዝ ዝርያ መቼ ይሰጥ? ስንት ይሰጥ የሚለውን በመንገዳችን እንነካዋለን፣ ግን ዋናው እሱ አይደለም። እኛ ባለሙያዎች ስለ መጠን ስንጨቃጨቅ ነው የምንውለው። አንድ ኩንታል ነው፣ አይ ሁለት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ግን እኩል ዩሪያ ገዝተው፣ እኩል በትነው፣ አንዱ ገለባ ሌላው ፍሬ ሲያስገባ ታያላችሁ። ያ ልዩነት ብዙ ጊዜ የመጠን አይደለም፣ የሰዓት ነው። ዩሪያም ዛሬ በቀልድ የሚበተን ነገር አይደለም፣ ዋጋውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ነባር ዝርያ ስል ገበሬው ዘሩን ከራሱ ጎተራ እያወጣ፣ ከዓመት ዓመት እየመረጠ ያቆየውን ሩዝ ማለቴ ነው። በእስያ እንዲህ ያሉት አብዛኞቹ ረጃጅም ናቸው። ቅጠላቸው ሰፊና ዘንበል ያለ ነው፤ ከዘር እስከ አጨዳ አምስትና ስድስት ወር የሚቆዩም አሉ። የእኛው ኤክስ-ጅግና ከእነዚህ ለየት ይላል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራ ጅግና እና በፎገራ ሻጋ በነበሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ሲያስለምዱ የተጀመረ ነው፣ ስለዚህ የሺህ ዓመት ታሪክ የለውም። ቢሆንም ገበሬው የራሱ አድርጎታል። በነጭነቱ ገበያው ይወደዋል፣ ብርዱንም ከእሱ በኋላ ከመጡት ከብዙዎቹ በተሻለ ይችላል። ወደ እሱ እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን ነገሩ በደንብ ወደተጠናበት ወደ እስያ ልውሰዳችሁ።

ፔታ የሚባል የኢንዶኔዥያ ሩዝ ነበር። ረጅም ነው። ናይትሮጅን፣ ያው ዩሪያው ውስጥ ያለውን ምግብ፣ ስትጨምሩለት ይረዝማል፣ ደግሞ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ማሳው ሲያዩት ልብ ያሞቃል፣ ከዚያ ዘለላው ሲከብድና አንድ ቀን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ በሙሉ ይጋሸባል። የተጋሸበ ሩዝ ደግሞ ፍሬ አይሞላም፣ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይበቅላል፣ አይጥ ይበላዋል። ማዳበሪያ ጨምረህ ምርት ይቀንሳል ማለት ነው። ፊሊፒንስ ባለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ፒተር ጄኒንግስ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ይህን ፔታ ከታይዋን ከመጣ ዲ-ጂኦ-ዎ-ጌን ከሚባል ድንክ ሩዝ ጋር አዳቀለው። እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ የሆነው አይ.አር.8 ከዚያ ነው የተገኘው። አጭር ነው፣ አገዳው ጠንካራ ነው፣ በሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ተሰጥቶትም ቆሞ ይጠብቃል።

ይህን ታሪክ የማነሳው በምክንያት ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው የማዳበሪያ ምክር አብዛኛው ከአይ.አር.8 እና ከልጆቹ ጋር አብሮ የመጣ ነው። «ሲዘራ ይህን ያህል፣ በዚህን ያህል ቀን ደግሞ ይህን ያህል» የሚለው ሠንጠረዥ ለአጭር፣ ዕድሜው ለማይለዋወጥ ዝርያ የተሠራ ነው። ለዚያ ይሠራል። ነባሩን ዝርያ ይዛችሁ በዚያ ሠንጠረዥ ስትሄዱ ነው ነገር የሚበላሸው።

ለምን? የሩዝን ዕድሜ ለሦስት እንክፈለው። የመጀመሪያው ቅጠል የሚያወጣበትና የሚያቆጠቁጥበት ነው። ሁለተኛው ዘለላው አገዳው ውስጥ ተፀንሶ እስኪያዘረዝር ያለው ነው፤ በሞቃት አገር 30 ቀን ገደማ ይወስዳል። ሦስተኛው ካዘረዘረ በኋላ ፍሬው ሞልቶ እስኪደርስ ነው፣ እሱም ሌላ 30 ቀን ገደማ። ልብ በሉ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከዝርያ ዝርያ ብዙም አይለያዩም። የመቶ ቀኑ ሩዝና የ170 ቀኑ ሩዝ የሚለያዩት በመጀመሪያው ዕድሜ ነው። ትርፉ ሰባ ቀን በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ነው ያለው።

አጭር ጊዜ የሚቆየው ሩዝ ማቆጥቆጡን ሳይጨርስ ዘለላው መፀነስ ይጀምራል። ፋታ የለውም። ስለዚህ ለቁጥቋጦ ብላችሁ የሰጣችሁት ዩሪያ ለዘለላውም ይደርሳል። ነባሩ ዝርያ ግን ማቆጥቆጡን ይጨርስና ይቆማል። ሳምንታት ያልፋሉ፣ አንዳንዴ ወር ያልፋል፣ ዘለላ የለም። ብዙዎቹ የቀኑን ርዝመት ነው የሚጠብቁት፤ ቀኑ እስኪያጥር ድረስ ዘለላ አይፀንሱም።

በዚህ የመጠበቂያ ጊዜ ዩሪያ ብትሰጡት ምን ያደርግበታል? አይቀመጠውም። ተክል ናይትሮጅን ካገኘ ያድግበታል። የማያፈሩ ተጨማሪ ቁጥቋጦዎች ያወጣል፣ እነሱም በጥላ ተውጠው ይሞታሉ። ቅጠሉ ይበዛና አንዱ ሌላውን ይጋርዳል። ከታች ያለው አገዳ ብርሃን ሲያጣ ይቀጥናል፣ ይረዝማል። ማሳው ውስጥ ርጥበቱ ይታፈንና ብላስት የሚባለው በሽታ ይመቸዋል። ከዚያ ዘለላው በሚፀነስበት ሰዓት፣ ናይትሮጅን በእውነት በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ዩሪያው የለም። እንግዳው ከመምጣቱ ሁለት ሰዓት በፊት ቡናውን አፍልቶ ማቀዝቀዝ ማለት ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ፣ የታይላንዱን። ካኦ ዶክ ማሊ 105 ይባላል፤ በየሱፐርማርኬቱ ጃስሚን ሩዝ እየተባለ የሚሸጠው ሽታው ደስ የሚለው ሩዝ ነው። በምሥራቅ ታይላንድ ባለችው በቻቾንግሳዎ ክፍለ ሀገር ከገበሬ ማሳ 199 ዘለላ ተለቀመ፣ እያንዳንዱ ዘለላ በየራሱ መስመር ተዘራ፣ 105ኛው መስመር አሸነፈ። ቁጥሩ ከዚያ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1959 እንዲሰራጭ ተፈቀደ፣ እስከ ዛሬም በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ በዝናብ ብቻ በሚያርሱ ገበሬዎች ማሳ ላይ አለ። ቁመቱ 140 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ዩሪያ አይወድም፣ ይጋሸባል።

ይህ ሩዝ በግንቦትም ዝሩት በሐምሌ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 10 ገደማ ያብባል፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ ይታጨዳል። ጥቅምት 10 ካበበ፣ ዘለላው የተፀነሰው ወደ ኋላ 30 ቀን ስንቆጥር መስከረም 10 አካባቢ ነው። አሁን ሁለት ገበሬ እናስብ። አንዱ ግንቦት 25 ዘራ፣ ሌላው ዝናቡ ዘግይቶበት ሐምሌ 25 ዘራ። ለሁለቱም «በ45 ቀን ዩሪያ ጨምሩ» የሚል ምክር ተሰጣቸው። የሐምሌው ገበሬ 45 ቀኑ መስከረም 5 ላይ ይውላል። ደህና ነው፣ ሰዓቱ ላይ ገባ ማለት ይቻላል። የግንቦቱ ገበሬ 45 ቀኑ ሐምሌ 10 ነው። ዘለላው ሊፀነስ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል! ያ ሁሉ ዩሪያ ቅጠል ሆነ። ቀድሞ የዘራው፣ ጎበዙ ገበሬ፣ በምክራችን ተቀጣ።

ስለዚህ ለነባር ዝርያ ቀን የሚቆጠረው ከዘር ቀን ወደ ፊት ሳይሆን ከማበቢያው ቀን ወደ ኋላ ነው። ማበቢያውን ደግሞ ገበሬው ያውቀዋል። «ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት ይህ ሩዝ መቼ አዘረዘረ? ካቻምናስ?» ብላችሁ ጠይቁት። የበዓል ስም እየጠራ ይነግራችኋል።

የሐምሌው ገበሬም የራሱ ችግር አለበት፣ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ፍርድ ይጓደላል። እሱ የሚያቆጠቁጥበት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ለእሱ መጀመሪያ ላይ የሚሰጥ ትንሽ ናይትሮጅን ይጠቅመዋል፣ ቶሎ እንዲያቆጠቁጥ። ቀድሞ የዘራው ይህን ያህል አያስፈልገውም፤ ጊዜ አለው፣ አፈሩም ይሰጠዋል። አንድ ዝርያ፣ አንድ አፈር፣ ሁለት የተለያየ አሰጣጥ።

አፈሩ ይሰጠዋል ስል በግምት አይደለም። አንድ ቶን የሩዝ ፍሬ ለማምረት ተክሉ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ናይትሮጅን ይወስዳል። ነባር ዝርያ በሄክታር ሦስት ቶን ቢሰጥ 50 ኪሎ አካባቢ ነው የሚፈልገው። ውሃ የሚተኛበት የሩዝ መሬት ያለ ምንም ማዳበሪያ የዚህን አብዛኛውን ክፍል ራሱ ያቀርባል። የቀረው ክፍተት ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ለረጃጅም ነባር ዝርያዎች በሄክታር 30 ወይም 40 ኪሎ ናይትሮጅን በቂ የሚሆነው፣ ከዚያ ሲያልፍ መጋሸቡ የሚመጣው። ዩሪያ መቶ ኪሎው ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ነው ያለው። 30 ኪሎ ናይትሮጅን ማለት 65 ኪሎ ዩሪያ፣ ለአንድ ሩብ ሄክታር ጥማድ 16 ኪሎ። ይህን ታህል ትንሽ መጠን ይዛችሁ ሰዓቱን ከሳታችሁ የሚተካ ነገር የለም። ብዙ የሚበትን ሰው ግማሹን ቢያባክን ግማሹ ይቀረዋል።

አሁን ወደ ተክሉ እንቅረብ። ዘለላው መፀነሱን በምን እናውቃለን? ምላጭ ያስፈልጋችኋል። ከማሳው መሀል፣ ከዳር ሳይሆን፣ ዋናውን አገዳ ከሥሩ ነቅላችሁ አውጡ። ከታች ወደ ላይ ለሁለት ሰንጥቁት። አንጓዎቹን ታያላችሁ። ከላይኛው አንጓ በላይ፣ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ባለበት ውስጥ፣ ነጭ ጸጉራም ነገር ሹል ሆና ትታያለች። አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ናት። እሷ ናት ዘለላዋ። አንድ አገዳ አይበቃም፣ ከተለያየ ቦታ አሥር ያህል ሰንጥቁ፤ ከግማሽ በላዩ ላይ ካያችኋት ማሳው ፀንሷል። በዓይን ለማየት ለሚቸገሩ ሌላ ምልክት አለ፤ እስከዚያ ጠፍጣፋ የነበረው አገዳ ከታች ሲዳበስ ክብና ጠንካራ ይሆናል፣ አንጓዎቹም መራራቅ ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ስስ ነገር አለ፣ ታገሱኝ። ዘለላዋ ገና አንድ ሚሊ ሜትር ስትሆን፣ የታችኞቹ አንጓዎችም በዚያው ሰዓት ነው የሚለጠጡት። በዚያች ቅጽበት ብዙ ናይትሮጅን ካገኙ ረዝመው ይቀጥናሉ። መጋሸብ የሚጀምረው እዚያ፣ ከታች ነው፣ ላይ ባለው ዘለላ ክብደት ብቻ አይደለም። ለአጭር ዝርያ ይህ አያሳስብም። ለሚጋሸብ ዝርያ ግን ጥቂት መታገስ ይሻላል።

ጃፓኖች ይህን ከሁሉ በላይ የተማሩት ኮሺሂካሪ በሚባለው ሩዛቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣ ነው፣ ጣዕሙን እጅግ ይወዱታል፣ ግን አገዳው ረጅም ስለሆነ በመጋሸብ የታወቀ ነው። ሰው ግን ጣዕሙን ትቶ ሌላ ሊዘራ አልፈለገም። ምን አደረጉ? ሰዓቱን አዘገዩት። መጀመሪያ ላይ ናይትሮጅን ይቆጥቡበታል፣ ቅጠሉ ትንሽ ገርጣ እስኪል ድረስ ይተዉታል። ዋናውን የሚሰጡት ከማዘርዘሩ 18 ቀን ገደማ በፊት፣ አገዳው ውስጥ ያለችው ዘለላ አንድ ሳንቲ ሜትር ስትሞላ ነው። ካስፈለገ ከማዘርዘሩ 10 ቀን ገደማ በፊት ትንሽ ይደግማሉ። አንድ ሳንቲ ሜትር ስትደርስ የታችኞቹ አንጓዎች መለጠጣቸውን ጨርሰዋል፣ ናይትሮጅኑ የሚሄደው ወደ ዘለላው ነው። የተፀነሱ ፍሬዎች ሳይጨነግፉ እንዲቀሩ ያደርጋል። አንድ ሳንቲ ሜትር ደግሞ በምላጭ ሰንጥቆ ለማንም በዓይን ይታያል፣ ማጉያ አይጠይቅም። እኔ ከሁሉም ምክር ይህን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ገበሬው ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ቅጠሉ ትንሽ ገርጣ ይበል ስል ፊታችሁ ላይ ያየሁትን አውቄዋለሁ። ገርጣ ያለ ማሳ ጎረቤት ያስቀልዳል። ግን ነባር ዝርያ በተፈጥሮው ቅጠሉ ከአዲሶቹ ፈዘዝ ያለ ነው። የቅጠል ቀለም መለኪያ ካርድ አለ፤ አረንጓዴው ከፈዛዛ እስከ ጥቁር በደረጃ የተቀመጠበት ፕላስቲክ፣ በጃፓን ተጀምሮ በኋላ በፊሊፒንስ ለብዙ አገር ገበሬዎች የተዘጋጀ። ጥሩ ነገር ነው። ካርዱ ላይ «ከዚህ ቁጥር በታች ከሆነ ዩሪያ ጨምር» የሚለው መስመር ግን ለአዲሶቹ ዝርያዎች የተሰመረ ከሆነ፣ ነባሩን ዝርያ ሁልጊዜ የተራበ ያስመስለዋል። በህንድ ለባስማቲ መስመሩን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

ሰዓት ስንል የቀን ብቻ አይደለም፤ ውሃው ያለበት ሁኔታም አለ። ይህን ክፍል ተኝታችሁ የምታልፉት ከሆነ ቀድሞ ያወራሁት ሁሉ በከንቱ ነው። ዩሪያ ቆሞ ባለ ውሃ ላይ ሲበተን ይሟሟል፣ በጥቂት ቀን ወደ አሞኒያ ይቀየራል። ቀን ፀሐይ ሲወጣ ውሃው ውስጥ ያሉት አረንጓዴ አልጌዎች ከውሃው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳሉ፣ ውሃው አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ይሆናል፣ አሞኒያው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። ሩዙ ገና ትንሽ ሆኖ ውሃውን ሳይሸፍነው፣ ነፋስም ካለ፣ ከበተናችሁት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ሊጠፋ ይችላል። ሁለተኛም መጥፊያ አለ። ውሃ የተኛበት ጭቃ ከላይ ስስ አየር ያገኘ ንጣፍ አለው፣ ከሥሩ አየር የሌለው። ከላይ የቀረ ማዳበሪያ ወደ ናይትሬት ይቀየራል፣ ናይትሬቱ ወደ ታች ሲሰርግ አየር በሌለው ክፍል ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ይህንን ጃፓናዊው ሺዮይሪ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል፤ ማዳበሪያውን ከጭቃው ጋር አዋህዶ ማግባት የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

በተግባር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አረሙን አርሙ፣ ዩሪያ ለአረም አትግዙ። ውሃውን ማፍሰስ ከቻላችሁ አፍስሱ፤ ጭቃው ርጥብ፣ ውሃ ግን ያልቆመበት ይሁን። ጤዛው ከቅጠሉ ላይ ይድረቅ፣ አለዚያ የዩሪያው ፍሬ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ያቃጥለዋል። በትኑት። በእግርም በእጅም ከጭቃው ጋር ማቀላቀል ከተቻለ እሰየው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ውሃውን መልሱ። ዝናብ ሲያጉረመርም አትበትኑ። ዘለላው በሚፀነስበት ሰዓት የሚሰጠው ዩሪያ ሌላም ጥቅም አለው፤ በዚያን ጊዜ ሩዙ ውሃውን ሸፍኖታል፣ ሥሩም ተንሰራፍቷል፣ ስለዚህ የሚጠፋው በጣም ያነሰ ነው። ተክሉ በጥቂት ቀን ይጠጣዋል።

ወደ ሜዳችን እንምጣ። ፎገራ ታይላንድ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እዚህ ሁሉም ነገር ይዘገያል። ዘለላ ከተፀነሰ እስኪያዘረዝር 30 ቀን ያልኩት በብርድ ወደ 35 ቀንና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የሌላ አገር የቀን ቁጥር፣ ለአዲስ ዝርያም ቢሆን፣ እዚህ በቀጥታ አይሠራም። ምላጩ ግን ይሠራል።

ብርዱ ሌላ ነገርም አለው። ሩዝ በብርድ በጣም የሚጎዳበት ሰዓት ከማዘርዘሩ 10 ወይም 12 ቀን ገደማ በፊት፣ ዘለላው ውስጥ የአበባው ዱቄት በሚሠራበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ዱቄቱ መካን ይሆናል፣ ዘለላው ቀጥ ብሎ ባዶውን ይቆማል። ናይትሮጅን የጠገበ ተክል ደግሞ ከሌላው የበለጠ ይመክናል። ይህ በጃፓንም በአውስትራሊያም የታወቀ ነው። ጥጋብ ያሰንፈዋል። ስለዚህ ዘግይቶ ለተዘራ፣ ማዘርዘሩ ወደ ጥቅምት ብርድ ለሚገፋ ማሳ፣ የሚሰጠው ዩሪያ መቀነስ አለበት እንጂ «ዘግይቷል፣ እናካክሰው» ተብሎ መጨመር የለበትም። ኤክስ-ጅግና ብርድ ይችላል ማለት በዩሪያ ታጅቦም ይችላል ማለት አይደለም። ውሃ ማቆየት የሚቻልበት ማሳ ካላችሁ፣ በዚያ ሳምንት ውሃውን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ዘለላው ገና ከታች ስለሆነ ውሃው ከሌሊቱ ብርድ ይጋርደዋል።

ጉማራና ርብ ሲሞሉ የሚያጥለቀልቋቸውን ማሳዎች ታውቃላችሁ። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ እዚያ ዩሪያ መበተን ጣና ሐይቅን ማዳበር ነው፣ እምቦጩ ያመሰግናችኋል። ጎርፉ እስኪጎድል ጠብቁ። ደጋግማችሁ እንደምታዩት ጎርፉ ከሚጎድልበት ጊዜና ዘለላው ከሚፀነስበት ጊዜ ብዙ አይራራቁም፣ ይህ ለእኛ እድል ነው።

ደግሞ ከሩዙ በኋላ ጓያ ወይም ሽምብራ የሚዘራበት ዋልካ አለ። ጓያና ሽምብራ ናይትሮጅን ለመሬቱ ይተዋሉ። እዚያ ማሳ ላይ መጀመሪያ የሚሰጠውን ዩሪያ ብትተዉት ሩዙ ብዙም አይጎድልበትም።

ይበቃኛል፣ ጥያቄ ካለ እንስማ።

*

አንዲት የልማት ሠራተኛ «ሲዘራ ኤንፒኤስ እንሰጣለን፣ እሱ ከዩሪያው ጋር ይቆጠራል ወይ?» ብላ ጠየቀች። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ይቆጠራል። ኤንፒኤስ መቶ ኪሎው ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ በሄክታር ከገባ፣ ነባር ዝርያ መጀመሪያ ላይ የሚፈልገውን ናይትሮጅን አግኝቷል፣ ምናልባትም ከበቂ በላይ። በላዩ ላይ ዩሪያ ሲዘራ መጨመር እዚያው መጀመሪያ ላይ መደራረብ ነው። ኤንፒኤሱ ከገባ ዩሪያውን በሙሉ ለዘለላው አቆዩት።

አንድ አባት ደግሞ «ሁለቴ መመላለስ አልችልም፣ ሰው የለኝም፣ አንዴ ብቻ ልስጥ ካልኩስ?» አሉ። አባቴ፣ አንዴ ብቻ ከሆነ ዘለላው አንድ ሳንቲ ሜትር ሲሆን ይስጡት። ለአጭሩ አዲስ ዝርያ ይህን አልልዎትም ነበር፣ እሱ መጀመሪያም ይፈልጋል። ለነባሩ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከመረጡ፣ ሁለተኛውን ይምረጡ። የሚፈሩት ቁጥቋጦ እንዳያንስ ከሆነ፣ ተደርቦ የተበተነ ሩዝ ቁጥሩ አያንስም፣ እንዲያውም ይበዛል። በመስመር አራርቆ ለዘራ ሰው መልሴ ትንሽ ይለያል።

ሌላው ሰው «ጎረቤቴ ካዘረዘረ በኋላ ይሰጣል፣ ፍሬውም ያምራል» አለ። ሊያምር ይችላል። ካዘረዘረ በኋላ የሚገባ ናይትሮጅን የፍሬውን ቁጥር አይጨምርም፣ ቁጥሩ ተወስኗል። ቅጠሉ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል፣ በፍሬው ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ከፍ ያደርጋል። ጃፓኖች ፕሮቲኑ ሲበዛ ሩዙ ሲበስል ይደርቃል ብለው አይወዱትም። ለእንጀራ ከጤፍ ጋር ለሚደባልቅ ሰው ይህ ብዙ ላያሳስበው ይችላል። ግን ብርድ በሚመጣበት አገር ተክሉን አረንጓዴ አድርጎ ማቆየት መድረሱን ያዘገየዋል። እኔ አልመክርም።

የመጨረሻው ጥያቄ የሁላችሁም ነበር፤ ሁላችሁም አንገታችሁን ነቀነቃችሁ። «ዩሪያው ራሱ ዘግይቶ ቢመጣስ?» አዎ፣ ያጋጥማል። ለነባር ዝርያ ትንሽ መዘግየት ከአዲሱ ይልቅ ይቀላል፣ ምክንያቱም ዋናው ሰዓቱ ዘግይቶ የሚመጣ ነው፤ በሐምሌ ያልደረሰው ዩሪያ በነሐሴ ቢመጣ ገና አላመለጣችሁም ይሆናል፣ ሰንጥቁና እዩ። ዘለላው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ቢያልፍም አገዳው ውስጥ እስካለ ድረስ ግማሹን ስጡት። አዘርዝሮ ካገኛችሁት ግን ከረጢቱን አትክፈቱ። አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ዝናብና ርጥበት በማይደርስበት አስቀምጡ፣ ዩሪያ ርጥበት ይስባል። በበጋ ሽንኩርት ስትተክሉ ትጠቀሙበታላችሁ።